ጋዙ የት ሄደ?

"ለጂማ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርጋል?"

የመኪናዬን ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውን፣ ላስጠግን ስል እንዲህ ያላለኝ ሰው የለም። ባለቤቴ ብሎኛል። ባልደረቦቼ ብለውኛል። መኪና የሚያጥብልኝ ልጅ ሳይቀር ኮፈኑን ከፍቼ ስጎረጉር አይቶ፣ "ሲስተር፣ መስኮት አለ አይደል እንዴ?" ብሎኛል። ነርስ ነኝ፤ በሰፈሩ ስሜ ሲስተር ነው።

አልፈርድባቸውም። ጂማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የካቲትና መጋቢት ቀትር ላይ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ጋቢ ይፈለጋል። ብርድ ለመግዛት ብር ማውጣት እዚህ እብደት ይመስላል።

ግን መኪና ጂማ ውስጥ ብቻ አይነዳም። ግቤ በረሃ የሚባል ነገር አለ።

መኪናዬ የ1997 ሞዴል ኮሮላ ናት። ከዱባይ ነው የገባችው። በጋው 45 ዲግሪ ለሚነካ አገር የተሠራ ኤሲ ይዛ ነው የመጣችው። ከእኔ በፊት የነበራት ሰውዬ ግን "ኤሲ ቤንዚን ይበላል" ብሎ የኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ፣ ሽቦ ነቅሎት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ። ስገዛት ይህን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሽቦው ተመለሰ። ቁልፉን ስጫነው ሞተሩ ትንሽ አቃሰተ፤ ንፋሱም ቀዝቀዝ አለ። በቃ፣ ይሠራል አልኩ።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ኤሲ የገጠመለትን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣ ማጥፊያ ቁልፍ አላበጀለትም ነበር። በረደኝ ያለ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጊያውን ማውረድ ነበረበት። የኔው ሰውዬ ዘመን ዘግይቶ ያንኑ ዘዴ በራሱ ፈልስፎታል።

አንድ ዓመት ሳይሞላ ንፋሱ ለብ አለ። ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውዬው ቱቦ ሰክቶ፣ እጁን ንፋስ መውጫው ላይ አድርጎ፣ "ጋዝ አልቋል" አለኝ። ሞላልኝ። በረደ። ከፈልኩ። አምስት ወር ቆየና መልሶ ለብ አለ። መልሼ ሄድኩ። "ጋዝ አልቋል።" ሞላልኝ። ከፈልኩ።

"ለምን ያልቃል?" ብዬ ጠየቅኩት በሁለተኛው።

"አሮጌ መኪና አይደለች? ይጠጣል።"

እንደ ቤንዚን የሚጠጣ መስሎኝ ዝም አልኩ። ይቺን ዝምታ አስታውሱልኝ።

ከዚያ መጋቢት መጣ። እማዬን ከአዲስ አበባ ላመጣት ሄድኩ። ከእህቴ ጋር ነው የምትኖረው፤ ዕድሜዋ ሰባ አራት ነው። ስንመለስ ወሊሶ ድረስ ደስ ሲለን ነበር። ምሳ በላን፣ ቡና ጠጣን። ወልቂጤን አልፈን መንገዱ ቁልቁል ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። ግቤ ወንዝ ዘንድ ከፍታው 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ያን ሁሉ ስትወርዱ አንድ ሰው የምድጃ በር የከፈተባችሁ ይመስላል።

መስኮት እንክፈት ስላት እማዬ እንዴት አድርጋ! ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ሳበችና፣ "ንፋስ ሊመታኝ? ምች ሊመታኝ?" አለች። አውቶቡስ ላይ አርባ ሰው ላብ በላብ ሆኖ አንዲት መስኮት ስትከፈት "ዝጉት!" የሚለውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ያን ጩኸት ከሚጮኹት አንዷ እማዬ ናት። ነርስ ልጅ ወልዳም አልዳነችም።

ኤሲውን ከፈትኩ። ሁለት ወር ያልሞላው ጋዝ ነው ብዬ በልበ ሙሉነት። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ይወርዳል፤ መቅደም አይቻልም። ከንፋስ መውጫው የሚመጣው አየር መጀመሪያ ለብ አለ፤ ቀጥሎ ሞቀ። እማዬ እጇን ዘርግታ ዳበሰችውና በጣም በትሕትና፣ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሙቀቱን ነው እንዴ የሚያስገባው?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ዞር ብዬ ሳያት ግን ከንፈሯ ደርቋል፣ ግንባሯ ላይ ላብ የለም። ድልድዩን እንደተሻገርን ጥላ ፈልጌ አቆምኩ። የልብ ምቷን ቆጠርኩ፤ 112። ውሃ በትንሽ በትንሹ ሰጠኋት፣ ነጠላዋን አርሼ አንገቷ ላይ አደረግኩላት። ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ክፉ ነገር አልደረሰም። ግን እዚያች ግራር ሥር ተቀምጬ በራሴ ተናደድኩ። በጋራዡም አይደለም፤ በራሴ። ሥራዬ መጠየቅ ሆኖ ሳለ "ይጠጣል" ተብዬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን ነገሩን ላስረዳ። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ክንዳችሁን በአልኮል ጥጥ ስንጠርገው የምትሰማችሁን ቅዝቃዜ ታውቃላችሁ። አልኮሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አይደለም። ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የመኪና ኤሲ ሙሉ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ውስጡ ያለው ጋዝ፣ የእኔ መኪና ላይ 134ኤ የሚባለው፣ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለችው ኢቫፖሬተር ውስጥ ይፈላና የመኪናውን ሙቀት ይሰበስባል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል። ፊት ለፊት፣ ከራዲያተሩ ቀድሞ የተቀመጠው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ ይጥለዋል። ጋዙ መልሶ ፈሳሽ ይሆንና ይዞራል። ያው ጋዝ ነው የሚዞረው። የማይሞት፣ የማይቃጠል፣ የማይጠጣ።

ስለዚህ ጋዝ አያልቅም። ወይ አለ፣ ወይ ሾልኳል።

ሆስፒታል ውስጥ ደም ያነሰው ሰው ቢመጣ ደም ሰጥተን ወደ ቤቱ አንልከውም። ከየት እየደማ ነው እንላለን። እኔ ግን ለመኪናዬ ሁለት ጊዜ ደም ሰጥቼ፣ ሁለት ጊዜ ከፍዬ፣ አንድ ጊዜም የሚደማበትን አልጠየቅኩም።

ጂማ ስንደርስ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከአጂፕ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስላለ አንድ ልጅ ነገረችኝ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ቴክኒክና ሙያ ተምሮ የወጣ። ጋራዡ ለሁለት መኪና አይበቃም። ሞተሩን አስነስቼ ቆሜ የጋዝ ግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ እስኪያመጣ ስጠብቅ እሱ ጌጅ አላመጣም። ጥያቄ አመጣ።

"ሲስተር፣ ሲሄዱ ይሻላል ወይስ ሲቆሙ?"

ወደ ኋላ አሰብኩ። ከተማ ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ ትሞቃለች። ወደ አጋሮ ስንሄድ፣ መንገዱ ሲለቀቅ ትሻላለች። ግቤ ላይ ከሲኖትራኩ ኋላ ስንጎተት ነው ጭራሽ የሞቀችው።

"እንግዲያው ከጋዙ በፊት ንፋሱን እንይ" አለና ኤሲውን አስከፍቶኝ ፊቷ ላይ ቁጢጥ አለ። ከራዲያተሩ ኋላ ሁለት ቬንትሌተሮች አሉ። አንዱ ይዞራል። አንዱ ቆሟል። ቀጥታ ከባትሪ ሽቦ ሰጠው፤ አሁንም ቆሟል። የካቻቪቴውን እጀታ አንስቶ ሞተሯን ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ደንገጥ ብላ ተነሥታ መዞር ጀመረች! ውስጧ ኤሌክትሪክ የሚያቀብላት ካርቦን አልቋል ማለት ነው። መምታት አይጠግናትም፤ ምን እንደያዛት ግን ይናገራል። እኔ በዚያች ቅጽበት ልጁን ወደድኩት።

ኮንደንሰሩ ሙቀቱን የሚጥልበት ንፋስ ይፈልጋል። መኪናው ሲሄድ መንገዱ ንፋስ ይሰጠዋል። ሲቆም ግን ቬንትሌተሩ ካልሠራ ሙቀቱ የትም አይሄድም። ጋዙ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ግማሹን ነገር አገኘው።

ከዚያ በስልኩ መብራት በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል አጮለቀና ሳቀ። "ሲስተር፣ ይምጡ። ቡና ይወዳሉ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሁለቱ መካከል ስስ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተነጥፏል። አቧራ፣ የትንኝ ክንፍ፣ ላባ፣ ከሁሉም በላይ ግን የቡና ገለባ። የባለቤቴ ቤተሰቦች አጋሮ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር በየሳምንቱ እንሄዳለን። የምናቆመው ቡና መፈልፈያ አጠገብ ነው፤ መንገዱም ገለባ በጫነ መኪና የተሞላ ነው። ስንት የምርት ዘመን እዚያ እንደተከማቸ እግዜር ይወቀው። ልጁ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። እርጥብ፣ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል። ሸተትኩት። ትንሽ አሁንም ቡና ቡና ይላል።

ሲያጥበውም አየሁት። ላቫጆ ቤት በኃይለኛ ውሃ የሚመቱት የኮንደንሰሩን ቀጫጭን ክንፎች እያጣመመ ነው። እነሱ ሲጣመሙ አየር አይገባም። እሱ ቀስ ያለ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ለቀቀ፣ ቆሻሻው በገባበት እንዲወጣ። የተጣመሙትን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በቀጭን ቢላዋ አንድ በአንድ አቃናቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። አልሰለቸም፤ እኔ ሰለቸሁ።

እኔም የራሴን መሣሪያ ይዤ ነበር። እንደ ክትባት ማቀዝቀዣችን ዓይነት ትንሽ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ከገበያ ገዝቼ ነበር። ንፋስ መውጫው ላይ ሰካኋት። ጠዋት ስመጣ 19 ዲግሪ ነበረች። ቬንትሌተሩ ተቀይሮ ኮንደንሰሩ ከታጠበ በኋላ፣ ጋዝ ሳይነካ፣ 14 ደረሰች። አምስት ዲግሪ በውሃና በጥርስ ብሩሽ።

ማሞቂያውንም አየ። ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለቱን የማሞቂያ ቱቦዎች ነካ ነካ አደረገ። የሙቀት ማዞሪያው ወደ ቀዝቃዛ ተዞሮ ሳለ የፈላ ውሃ ወደ ውስጥ የሚያሾልክ ከሆነ ኤሲና ማሞቂያ አንድ ሳጥን ውስጥ ይታገላሉ። የእኔ ደህና ነበረች። ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ የአየር ማጣሪያ ያላቸው መኪኖች ደግሞ መጀመሪያ እሱን መሳብ ነው፤ አንዳንዱ ሲወጣ የጆንያ ቁራጭ ይመስላል አለኝ። የእኔ መኪና ማጣሪያም የላት።

"አሁን ጋዙ የት እንደሄደ እንፈልግ።"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ብር ከፍያለሁ!

ጋዙ ብቻውን አይወጣም። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት አብሮት ይዞራል፤ ሲሾልክም አብሮት ይወጣል። ስለዚህ የሚሾልክበት ቦታ ላይ አቧራ ይጣበቃል። ልጁ ቱቦዎቹን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ አንድ መጋጠሚያ ላይ ቆመ። ዙሪያው ሁሉ ደረቅ አቧራ ነው። እሷ ብቻ ረጥባለች፣ ጠቁራለች። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በቀለም ብሩሽ ቀባት። ጠበቅን። ምንም። ላልፍ ስል ክንዴን ያዘኝ። አንዲት አረፋ ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን ምራቅ፣ አበጠች። ፈነዳች። ሌላ አበጠች።

አምስት ወር የሚፈጀው ጋዝ በዚያች ፍጥነት ነበር የሚሄደው።

ሁለተኛዋ ጋዝ መሙያዋ አፍ ላይ ናት። ክዳኗ የለም። የቀድሞው ጋራዥ ሞልቶ ሲጨርስ ክዳኑን አልመለሰውም። ውስጧ እንደ ጎማ ቫልቭ ያለች ትንሽ ነገር አለች፤ ክዳኑ ከላይ ሆኖ ያግዛታል። ያለ ክዳን አቧራ ይገባባታል፣ መዝጋት ያቅታታል። የሳንቲም ክዳን!

መጋጠሚያውን ሲፈታው ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። እዚህ ላይ ነው ሽቦውን የነቀለው ሰውዬ የሚመጣው። የኤሲ ጎሚኒዎች በሚዞረው ዘይት ነው የሚርሱት። ኤሲው ወራት ካልተከፈተ ይደርቃሉ፣ ይኮማተራሉ። ቤንዚን ለማዳን ሦስት ዓመት የተዘጋ ኤሲ ጋዙን በዚያ በኩል ከፈለ። እናም "ለጂማ ኤሲ ምን ያደርጋል?" እያላችሁ ዓመቱን ሙሉ የማትነኩት ሰዎች፣ በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ክፈቱት። ብርድ ባትፈልጉም።

የቀድሞው ጋራዥ እንደገና ሊሞላ ሲል መጀመሪያ ያደረገው አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። የቀረውን ጋዝ ሽሽሽ አድርጎ ወደ አየር ለቀቀው። ያኔ አልገባኝም። እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ መኪኖች አር12 የሚባል ጋዝ ነበራቸው፤ የኦዞን ንጣፍን ስለሚበላ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ቀስ በቀስ ተወገደ። 134ኤ የመጣው በእሱ ቦታ ነው። ኦዞኑን አይነካም፤ ግን አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,400 ጊዜ ያህል አብልጦ ያሞቃል። ለዚህ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. ኪጋሊ ላይ እሱንም ለመቀነስ የተስማሙት። ልጁ የቀረውን ጋዝ ከአሮጌ ፍሪጅ ባወጣው ኮምፕረሰር ሰብስቦ ሲሊንደር ውስጥ አስገባው። ስለ ኪጋሊ አላወራንም። "ብር ነው፣ ለምን ይደፋል?" ነው ያለው።

አዳዲስ አረንጓዴ ጎሚኒዎች ገቡ። ማድረቂያው ተቀየረ። የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ "አይበላም" የሚል ጽሑፍ ያላት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? የማድረቂያው ውስጥ የዚያ ዓይነት ፍሬ ነው። እርጥበት ይይዛል። መስመሩ በተከፈተ ቁጥር መቀየር ያለበት ለዚህ ነው፤ የረካ ማድረቂያ ምንም አያደርቅም። የቀረ እርጥበት ጋዙ በሚጠብበት ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፤ ውሎ አድሮ ደግሞ አሲድ ሆኖ ብረት ይበላል።

ከዚያ ቫኪዩም። አየርና እርጥበትን ሁሉ ከመስመሩ የሚመጥ ፓምፕ ሰክቶ ጠበቅን። የጌጁ መርፌ ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ 24 ኢንች ላይ ቆመች። ጌጁ ላይ ግን 30 የሚል አለ። ጠየቅኩት።

ሳቀ። "እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ፓምፔ ደክሟል እያልኩ ስሰድባት ነበር። አዲስ ገዛሁ። እሷም 24 ላይ ቆመች።"

ለካ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም፤ የጂማ ነው። 30 የሚለው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላሉ ሰዎች ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፤ በየ1,000 ጫማው አንድ ኢንች ያህል ከዚያ ቁጥር ይቀነሳል። እኛ ወደ 5,800 ጫማ ላይ ነን። ስለዚህ 24 ማለት ጂማ ላይ ጥግ ነው። ከዚያ በታች የሚወርድ ነገር የለም። መጽሐፉ የተጻፈው ለእኛ ከተማ አይደለም፤ አንባቢው ግን መቀነስ ይችላል።

ፓምፑን አርባ አምስት ደቂቃ አሠርቶ ዘጋው። ከዚያ ሻይ ጠጣን። መርፌዋን እያየን። ካልተንቀሳቀሰች መስመሩ ተዘግቷል ማለት ነው። አልተንቀሳቀሰችም።

ጋዝ መሙላቱ ከሁሉ አጭሩ ነበር። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈች ወረቀት ስንት ግራም እንደሚገባ ትናገራለች፤ የእኔዋ 700 ግድም ነው። ሰማያዊውን ሲሊንደር በቅመማ ቅመም ሚዛን ላይ አስቀመጠና ቁጥሩ እየቀነሰ ሲሄድ እያየ ሞላ። በእጅ ዳብሶ መሙላት የለም። ብዙ ጋዝ ብዙ ብርድ አይደለም፤ ሲበዛ ኮንደንሰሩ ውስጥ ቦታ ያጣና ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ግፊቱም ኮምፕረሰሩን ያሠቃየዋል። የቀድሞው ሰውዬ ሁለተኛውን ጊዜ "ጠገብ አድርጌልሻለሁ" ብሎኝ ነበር። ጠግባ ነበር ለካ።

አንድ ሌላ ጋራዥ ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር ብሎኝ እንደነበር አልነገርኳችሁም። ዋጋው ከሦስት ወር ደሞዜ በላይ ነበር። ኮምፕረሰሩ ደህና ነበር። አሁንም ያው ነው የሚሠራው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ ሁላችንም አሮጌዎቻችንን አቅፈን ቀርተናል፤ "ይቀየር" የሚለውን ቃል በቀላሉ ባንቀበል ጥሩ ነው።

ወደ ማታ ቴርሞሜትሯን ሰክቼ ወደ ጅሬን ዳገት ነዳሁ። 12። 10። 8። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ብቻዬን መኪና ውስጥ ሳቅኩ። ዳገቱ ሲበረታ ግን አጠፋሁት። አየሩ በሳሳበት አገር ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ ላዩ ላይ ኮምፕረሰር ሲጫንበት አሮጌ ሞተር ያማርራል። ከግቤ ወደ አበልቲ ስወጣም እንዲሁ ነው የማደርገው። ስወርድ እከፍታለሁ፣ ስወጣ የሙቀት ጌጁን አያለሁ።

ይህ ሁሉ ለግቤ ነው ብዬ ነበር። ነሐሴ ሲመጣ ተሳሳትኩ።

የጂማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሥራ ስወጣ ሦስት የረጠቡ ባልደረቦች ይሳፈራሉ። የረጠበ ጃንጥላ፣ የረጠበ ጋቢ፣ የአራት ሰው ትንፋሽ። መስታወቱ በሁለት ደቂቃ እንደ ወተት ይነጣል። ድሮ በጨርቅ እየወለወልኩ፣ ግማሽ መንገዱን በግምት ነበር የምነዳው። ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ምሽት ፈረንጅ አራዳ ጋ መስታወቱ ሲነጣ፣ እጄ ሳላስበው የኤሲውን ቁልፍ ተጫነ። ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ አየሩን ከውጭ እንዲስብ አደረግኩ፣ ንፋሱን ወደ መስታወቱ መለስኩ። እንደ መጋረጃ ከታች ወደ ላይ ተገፈፈ። ከኋላ ያሉት "ውይ!" አሉ።

ኢቫፖሬተሯ ቀዝቃዛ ናት። እርጥብ አየር ሲያልፍባት ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል፤ በኤሲው ቀጭን ቱቦ መኪናው ሥር ይፈስሳል። ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። መስታወቱ ላይ የሚደርሰው ደረቅና ሞቃት አየር ነው። አየሩን ውስጥ ለውስጥ የምታዞሩት ከሆነ ግን ያንኑ ትንፋሽ ነው የምታመላልሱት፤ ይብሳል።

ሁለት ጊዜ ሞልቼ ሁለት ጊዜ ያጣሁት ነገር የበጋ ቅንጦት ብቻ መስሎኝ ነበር። ጂማ ላይ ለካ በክረምት ነው የሚበልጠው።

አሁን ባለቤቴም "ለጂማ ምን ያደርጋል" ማለት ትቷል። በምትኩ ለሰው መናገር ጀምሯል። ባለፈው ለአጎቱ ስለ 24 ኢንች ሲያስረዳ ሰማሁት። በመጠኑ ተሳስቷል፤ አላረምኩትም።

እማዬን ለመስቀል እንደገና አመጣኋት። ክረምቱ ገና እየወጣ ነው፣ ግቤ ግን ግቤ ነው። ወልቂጤን አልፈን ቁልቁሉ ሲጀምር ኤሲውን ከፈትኩ። ቴርሞሜትሯ 9 ላይ ነበረች። ከፊታችን እንደ ልማዱ ሲኖትራክ ይጎተታል። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ነጠላዋን ሳበች። ከዚያ ፎጣዋን ከዘንቢሏ አወጣችና እግሯ ላይ ጣል አደረገች።

"ልጄ።"

"አቤት፣ እማዬ።"

"ዝጊው እባክሽ። ምች ሊመታኝ ነው።"